በጋዜጣ የተሸፈነው ኑዛዜ

አምባው ፊቱን ሊታጠብ በጣሳ ውሃ ይዞ ወደ ጓሮ ሲወጣ ከአጥሩ ማዶ ሰው ሲቆጥር ሰማ። «ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ...» በአጥሩ ክፍተት አጮልቆ ሲያይ፣ የሟቹ ጎረቤቱ የተክሌ ታናሽ ወንድም ሳህሌ ተረከዙን ከጣቱ እያጋጠመ የወንድሙን በረንዳ በጫማው ይለካል። በረንዳው ጥግ ዳሲቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ከተክሌ ጋር አሥራ አራት ዓመት በዚያ ቤት የኖረች ሴት ናት። ሳህሌ እሷ ዘንድ ሲደርስ ቆም አለ። እሷም እግሯን ሰብሰብ፣ ሳህኗን ፈቀቅ አደረገችለት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አለፈና «አሥራ አራት» አለ። አምባው ጣሳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ቢጣሉ፣ ቢሰዳደቡ፣ ሮጦ ሄዶ ገላጋይ በሆነ ነበር፤ እንዲህ ተከባብረው ሲበዳደሉ ግን ማን ማንን ይገላግላል? ውሃውን ጎመኑ ላይ ደፍቶት ፊቱን ሳይታጠብ ገባ።

ነገሩን በአቃቂ ጣቢያ አካባቢ የማያውቅ አልነበረም። ተክሌ የባቡር ሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ነበር፤ ባለፈው ኅዳር በሳንባ ምች ሞተ። ዳሲቱን በቤተ ክርስቲያንም፣ በሽማግሌም፣ በውልም አላገባትም። ከወንዙ ማዶ ካሉት ገበሬዎች ቤት መጣች፣ አብረው ኖሩ፣ ልጅ አልወለዱም። እንዲህ ሆና የኖረች ሴት ሰውየው ሲሞት የሚቀራት የሐዘን ነጠላዋ ብቻ ነው። ተክሌ ይህን ያውቅ ስለነበር ከሁለት ዓመት በፊት ኑዛዜ አጽፎ ቤቱን ለእሷ ሰጥቷል፤ አራት ምስክሮችም ፈርመውበታል። ሳህሌ ግን ከምስክሮቹ አንዱ ጠላ ቤት ያወራውን ሰምቶ፣ «ወረቀቱ በፊታቸው አልተነበበም፤ በአዲሱ ሕግ አይጸናም» ብሎ ተቃወመ። ከአራቱ ምስክሮች አንዱ ሞቷል። አንዱ ሥራ ቀይሮ የት እንደገባ አይታወቅም። ባለጋሪው ፈየራ ባለፈው ቀጠሮ ቀርቦ፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የተማረውን አምባውን ጠይቁት» ብሎ ሸክሙን አራግፏል። የአምባው ቀጠሮ ዛሬ ነው፣ መጋቢት አሥራ ሁለት፣ በሦስት ሰዓት።

ሚስቱ ብዙወርቅ የካኪ ኮቱን በከሰል ካውያ እየተኮሰች ነበር። ክፍሏ ትንሽ ናት፤ የብረት አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የላምባ ፋኖስ፣ ግድግዳው ላይ የባቡሩ ድርጅት በየዓመቱ የሚያድለው የቀን መቁጠሪያ፣ ከአልጋው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን። ቦታውን አምባው በሦስት መቶ ብር የገዛው፣ ቤቱንም ጭቃ አስመርጎ ያቆመው ብዙወርቅን ከማግባቱ በፊት ነው። እሷ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ያስገባችበት ነገር ብዙ ነው፤ ኮርኒሱን፣ ሲሚንቶውን፣ ከጓሮ የሚከራዩትን ሁለት ክፍሎች በጥጥ ፋብሪካ ደመወዟ ነው ያሠራችው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የእሱ ስም ብቻ ነው። እሷም ልጅ የላትም።

«ምን ልትል ነው?» አለችው ከካውያው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

«የተጠየቅሁትን ነዋ።»

«ተነቧል ብትል ምን አለበት? ተክሌ ቤቱን ለእሷ መስጠቱን አገር ያውቃል።»

«ብዙዬ፣ ምዬ እኮ ነው የምናገረው።»

የኮቱን ክንድ አገላበጠች። «የኛስ ኑዛዜ?» አለች። «ያው እንደዚያው አይደለም እንዴ የተፈረመው?»

አምባው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ።

እንደዚያው ነው የተፈረመው። የተክሌ ኑዛዜ የተፈረመ ዕለት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰዎቹ ከበሉ ከጠጡ በኋላ ተክሌ ወረቀቱን ዘርግቶ «ላስነብብላችሁ» ሲል፣ በመካከላቸው የተማረው፣ የተከበረው፣ የባቡር ጣቢያው ስልክ ተቀባይ አምባው እጁን አነሳ። «ተው እንጂ ተክሌ! ገበናህን ምን ታሰማናለህ? የሰጠኸውን አንተ ታውቃለህ፤ እኛ ፊርማችንን እንስጥህ» አለ። ሁሉም «ደግ ተናገረ» አሉ። አምባው በዚህም ሳያበቃ ከመስኮቱ ላይ የቆየ ጋዜጣ አንሥቶ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሸፈነውና የፊርማውን ቦታ ብቻ አስቀረላቸው። ፊደል የማያውቀው ፈየራ ሳይቀር፣ ዓይኑን ወደ ጣራ ሰቅሎ አውራ ጣቱን አተመ። በሳምንቱ እሑድ ተራው የአምባው ሆነ፤ ያንኑ ክብር ተክሌ መለሰለት፣ ጋዜጣውንም ራሱ ይዞለት መጣ። የአቃቂ ሰው ያንን ሁለት እሑድ የጨዋ ሥራ እያለ ብዙ ጊዜ አንሥቶታል።

ወደ ፍርድ ቤቱ የሄዱት በአንድ ጋሪ ነው፤ ሌላ ጋሪ አልተገኘም። ፈየራ ከፊት፣ ሳህሌና አምባው ከኋላ፣ ዳሲቱ በመካከላቸው። የዳሲቱን ስሙኒ ሳህሌ ከፈለላት። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሳሪስ አነስተኛ ሱቅ አለው፣ አምስት ልጆች አሉት፣ ወንድሙንም አርባ ቀን ሙሉ አልቅሶለታል። ሕጉ የእሱ ነው ያለውን እየጠየቀ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ አንድ ነገር መናገር እንዳለበት ተሰማውና፣ «ቆርቆሮ አሁን ስንት ገባ?» አለ።

«ሦስት ብር ከሃምሳ ይላሉ» አለ አምባው።

«ኧረ! አምና ሦስት ብር አልነበረም?»

«ነበር።»

ዳሲቱ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች። ስለ የትኛው ጣራ እንደሚያወሩ ሦስቱም ያውቃሉ። ፈየራ ፈረሱን ያለ ምክንያት ተቆጣው።

የፍርድ ቤቱ አዳራሽ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ እስከ ዛሬ የጤፍ ሽታ አልለቀቀውም። ዳኛው ጉንፋን ይዟቸዋል፣ አንገታቸው ላይ የሱፍ ሻርብ ጠምጥመዋል። አምባው ቀርቦ በእግዚአብሔር ስም ማለ። ወረቀቱን አሳዩትና፣ «ይህ ፊርማ የአንተ ነው?» አሉት። ነው አለ። «ከታች 'በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ ተፈረመ' የሚል ጽሑፍ አለ። ተነቧል?»

አምባው ሥራው ትዝ አለው። ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለው ሐዲድ አንድ ነው፤ ሁለት ባቡር አይተላለፍበትም። ስለዚህ ከዱከም በስልክ ትእዛዝ ሲመጣ ተቀባዩ የሰማውን ቃል በቃል ደግሞ ለላኪው ያሰማል፤ ላኪው «ልክ ነው» ካላለ ትእዛዙ እንዳልመጣ ይቆጠራል፣ ባቡሩም አይለቀቅም። አምባው ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ሲሠራ ያልደገመውን ደገምኩ ብሎ አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ለምን ያን እሑድ ጋዜጣ እንዳነሣ ዛሬ መሐላው ፊት ቆሞ ገባው። ለተክሌ ገበና አዝኖ አልነበረም። የሱ ተራ በሳምንቱ እንደሚመጣ ያውቅ ስለነበር፣ የሱም ወረቀት እንዳይነበብበት መንገድ መጥረጉ ነበር። በዚያ የሱ ወረቀት ውስጥ አስቴር አለች። ከብዙወርቅ ጋር ከተጋቡ በኋላ ድሬዳዋ ተመድቦ በሠራባቸው ሁለት ዓመታት ከሌላ ሴት የወለዳት፣ አሁን አሥራ ሰባት ዓመት የሆናት፣ ብዙወርቅ ስሟን ሰምታ የማታውቅ ልጁ።

«አልተነበበም» አለ።

ዳኛው ቀና ብለው አዩት። «ለምን?»

«አክብረነው ነው ጌታዬ።»

ዳኛው አፍንጫቸውን ጠረግ አድርገው፣ «መከባበሩስ ደግ ነበር» አሉና ወደ ጸሐፊው ዞረው «ጻፍ» አሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፍርዱ ተነበበ። ኑዛዜው ፈራሽ ሆነ፤ ቤቱ ለወንድምየው፤ ዳሲቱ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ እንድትለቅ። እሷ ቆማ ሰማች፣ እጅ ነሣች፣ ወጣች። ደጅ ላይ ሳህሌ ተከትሏት፣ «እስከ ሰኔም ብትቆዪ ግድ የለኝም» አላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ከዚያ እሱ ወደ ሳሪስ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሲመለሱ ጋሪው ሰፋ። አምባው ይቅርታ ሊል ብዙ ጊዜ አሰበ፤ ግን ስለ የትኛው ይቅርታ ይበል? እውነቱን በመናገሩ ይቅርታ አይባልም። ዳሲቱ ቀድማ ተናገረች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ይህ ነው የባሰበት።

«ጋሼ አምባው፣ ያን እሑድ እኔ ከጓዳ በር ቆሜ ነበር። ወጥ ልጨምርላችሁ መጥቼ።»

«አውቃለሁ ዳሲቱ።»

«ተክሌ ላስነብብ ሲል ጆሮዬን ጣልኩ። አሥራ አራት ዓመት አብሬው ስኖር ስለ እኔ ምን እንደሚል በሰው ፊት ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሚስቴ ይበለኝ፣ ሠራተኛዬ ይበለኝ፣ ልስማ ብዬ ነበር።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «እርስዎ ተው ሲሉት ድስቱን ይዤ ተመለስኩ።»

ጋሪው የአቃቂን ድልድይ ተሻገረ። አምባው ከሐዲዱ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ እያየ፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ እንባው እንዳይወርድ ታገለ። ሠፈሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው «አውርደኝ» አለው ፈየራን። «በአሥር ሰዓት ቤቴ ና። ምስክር እፈልግሃለሁ።»

«ዳግመኛ ምስክር?» አለ ፈየራ። «እኔ ከፍርድ ቤት ነገር ወጥቻለሁ።»

«ጋዜጣ የለም። ትሰማለህ፣ ታትማለህ፣ ትሄዳለህ።»

ለሰው ማመልከቻና ውል የሚጽፈው ራፖር ጻፊው ሙሉአለም አቃቂ በሰቃ ሠፈር፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ ሸራ ወጥሮ ይቀመጣል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የምትለውን ተረት ለመጣው ሁሉ በነጻ ያድላል፤ ወረቀቱ ግን አንድ ብር ከሃምሳ ነው። የተክሌንም የአምባውንም የጻፈው እሱ ነበር። አምባው የፍርዱን ነገር ሲነግረው ብዕሩን ከጆሮው አወረደ። «እኔ እኮ ተነቦ ብዬ የጻፍኩት ታነቡታላችሁ ብዬ ነው!» አለ ተናዶ። «አራት ጎልማሳ ሰው ጽሑፍ በጋዜጣ ሸፍኖ ይፈርማል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?» ጥቂት አጉረመረመና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአንተ ግን መላ አለ። የተማርክ ሰው ነህ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጅህ ጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን ግለጽበት፣ ቀኑን ጻፍ፣ ፈርም። ሕጉ ምስክርም አይጠይቅህ። ሳጥንህ ውስጥ ትቆልፈዋለህ፤ ማንም አይሰማው።»

አምባው እዚያው ቆሞ አሰበበት። ልቡ ወደዚያ አዘነበለ፤ ይህን ለራሱም አልካደም። ያችን ሳጥን በዓይነ ኅሊናው አያት። እሱ ይሞታል፣ ሳጥኗ ትከፈታለች፣ ብዙወርቅ ማንበብ ስለማትችል አንዱ የለቅሶ እንግዳ ያነብላታል፣ የአስቴርን ስም በድንኳን ውስጥ ከባዕድ አፍ ትሰማለች። እሱ የሚመልሰውን ጥያቄ ያን ጊዜ ማንን ትጠይቃለች? ወይም ሳጥኗ አትገኝም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሕጉ ቤቱን ለሥጋ ልጁ ሰጥቶ ብዙወርቅን እንደ ዳሲቱ እግሯን ሰብሰብ ያስደርጋታል።

«የለም» አለ። «አንተ ጻፈው። ከዚያ ከእኔ ጋር መጥተህ በፊታቸው ታነበዋለህ። አንተም አንዱ ምስክር ነህ።»

በአሥር ሰዓት ክፍሏ ሞላች። ብዙወርቅ ጾም ስለሆነ ዳቦና ሻይ አቀረበች። የዕድሩ ዳኛ አቶ ተሰማ የእንግዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ልብስ ሰፊዋ የሺሐረግ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ፈየራ በሩ አጠገብ አለንጋውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሙሉአለም ጠረጴዛው ጋ። ስለ ዝናቡ መዘግየት፣ ስለ ላምባ ዋጋ፣ ስለ አቶ ተሰማ ጉልበት ተወራ። ሙሉአለም መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ሲዘረጋ አቶ ተሰማ ሻያቸውን አስቀመጡ።

«ሊነበብ ነው እንዴ?»

«አዎን አባቴ፣ ሊነበብ ነው» አለ አምባው።

«ልጄ፣ እኔ ሰባ ዓመት እስኪሞላኝ የሰው ጓዳ ሰምቼ አላውቅም። ፊርማ ካልክ እነሆ እጄ። ገበናህን ግን አልሰማም።»

«ዛሬ ፍርድ ቤት የሆነውን ሰምተዋል...»

«ሰምቻለሁ። ሕግ ሕግ ነው፣ ነውርም ነውር ነው።» በትራቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ተነሡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የተማረው፣ አምባውም ያን እሑድ ያደረገው ይህንኑ ነው። ብዙወርቅ እስከ አጥር በር ሸኘቻቸው። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ምስክር ቀረ።

«ነገ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለ ፈየራ ተስፋ አድርጎ። «እኔም የማታው ባቡር መንገደኛ ያመልጠኛል።»

አምባው ነገን አላመነውም። ነገ የፈየራ ፈረስ ይታመማል፣ የሺሐረግ የሠርግ ልብስ ይደርስባታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሱን ያውቀዋል፤ ዛሬ ያልተናገረውን ነገ አይናገረውም። በዚህ መሐል ብዙወርቅ ተመልሳ ስትገባ ከኋላዋ ዳሲቱ ነበረች። በእጇ ወንፊት ይዛለች። «የእናንተ ነው፤ ከአምናው ፋሲካ ጀምሮ እኔ ጋ ቀርቶ» አለች። «ዕቃዬን ስለይ አገኘሁት።» ሰው መሰብሰቡን አይታ ልትመለስ ስትል አምባው ከወንበሩ ተነሣ።

«ዳሲቱ፣ አንድ ምስክር ጎድሎናል።» ወደ ወረቀቱ አመለከተ። «ኑዛዜ ነው። ሊነበብ ነው። አንቺን መጠየቅ የማይገባኝ ሰው እኔ ነኝ።»

የሺሐረግ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ፈየራ ወደ ሙሉአለም ዞሮ «ሴት ይሆናል እንዴ?» ሲል፣ «ለአካለ መጠን የደረሰ፣ አማርኛ የሚሰማ ሰው ይሆናል። የሺሐረግስ ምንድን ናት ታዲያ?» ብሎ አፉን አስያዘው። ዳሲቱ ወንፊቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ቦታውን ታውቀዋለች። ከዚያም አቶ ተሰማ በተነሡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጮክ ብሎ ይነበብ» አለች።

ሙሉአለም ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔ አምባው ወልደ ጻድቅ፣ በሙሉ አእምሮዬና በገዛ ፈቃዴ፣ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን መኖሪያ ቤቴን ከነግቢው፣ ከነዕቃው፣ ለባለቤቴ ለወይዘሮ ብዙወርቅ ሰጥቻለሁ። ብዙወርቅ የሻይ ብርጭቆዎቹን ትሰበስብ ነበር፤ ፈገግ ልትል ስትል ተገታች። ንባቡ አላለቀም። ከጓሮ ያሉትን ሁለት የኪራይ ክፍሎችና የኪስ ሰዓቴን፣ ድሬዳዋ ለምትኖረው፣ ለወለድኳት ልጄ ለአስቴር አምባው ሰጥቻለሁ። ሙሉአለም እስከ ቀኑና እስከ ዓመተ ምሕረቱ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

ፈየራ ከአፉ አምልጦት «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለና ወዲያው አለንጋውን አጥብቆ ያዘ። ብዙወርቅ አራት ብርጭቆ በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማለች። የኪስ ሰዓቱን በየሳምንቱ ቅዳሜ በአመድና በጨርቅ የምትወለውለው እሷ ናት።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለች።

«አሥራ ሰባት።»

ስትቆጥር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አሥራ ሰባት ከሃያ አንድ ሲቀነስ የሚቀረው ከባድ ሒሳብ አይደለም። ክፍሎቹ በእሷ ደመወዝ የተሠሩ መሆናቸውን አልተናገረችም፤ አምባው ግን ሰማት። በሚሞትበት ዕለት ከሚመጣው ሁሉ ይህን ይበልጥ ይፈራው ነበር፤ አሁን መጥቶ ፊት ለፊት ቆሟል፣ እሱም አልሞተም። «ብዙዬ፣ በደልኩሽ» አለ በሰዎቹ ፊት። «ክፍሎቹ ያንቺ ላብ ናቸው። ከልጅ ነጥቆ ሁሉን ለሌላ መስጠት በሕግ ያከራክራል ብሎ ሙሉአለም ስለነገረኝ ነው፤ እንዳትካሰሺ ብዬ ነው። ሌላ ፈቃድ ካለሽ ይሰረዝ።» ብዙወርቅ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠች።

«እኔ ፊደል አላውቅም» አለች ዳሲቱ ወደ ሙሉአለም ዞራ። «ነገ ተጠርቼ ተነቧል ወይ ቢሉኝ የሰማሁትን እንዳልስት ልድገመው። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።» ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጀመረች። «እሱ አምባው ወልደ ጻድቅ፣ በሙሉ አእምሮው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን መኖሪያ ቤቱን ከነግቢው፣ ከነዕቃው፣ ለባለቤቱ ለወይዘሮ ብዙወርቅ ሰጠ።» 'ለባለቤቱ' የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ጥቂት ቀጠነ። አምባው ሃያ ስድስት ዓመት የሌሎችን ቃል በስልክ ሲደግም ኖሯል፤ የእሱን ቃል ሰው ሲደግምለት ይህ የመጀመሪያው ነው። ዳሲቱ ሁለተኛው ስጦታ ላይ ስትደርስ አቋረጠች። ብዙወርቅን አየቻት።

«ቀጥይ» አለች ብዙወርቅ። «ሁሉንም በይው።»

«ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎችና የኪስ ሰዓቱን ድሬዳዋ ለምትኖረው፣ ለወለዳት ልጁ ለአስቴር ሰጠ።»

«ልክ ነው» አለ አምባው፣ ሥራው ላይ እንደሚለው።

አምባው ቀድሞ ፈረመ። ሙሉአለም የማኅተም ቀለሙን ከፈተ፣ ፈረመ፣ ለየሺሐረግ አቀበላት፤ እሷም ፈረመች። ዳሲቱ አውራ ጣቷን አትማ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ተራው የፈየራ ሲሆን ተነሥቶ ቀረበ፤ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ግን ልማድ ሆኖበት ዙሪያውን ተመለከተ፣ ከመስኮቱ ላይ አንድ የቆየ ጋዜጣ አንሥቶ ጽሑፉን ሊሸፍንለት ዘረጋው።

ብዙወርቅ ጋዜጣውን ከእጁ ወሰደችበት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ወደ አምባው አላየችም፣ ምናልባትም ለብዙ ቀን አታየውም። ጋዜጣውን አጥፋ ከብርጭቆዎቹ ሥር አስገባችው።

«ተነቧል እኮ» አለች። «አትም።»